«የማን ልጅ ነው?» ወይስ «ምን ይላል?»

ለመሆኑ በአገራችን አንድ ሰው «አገር ልምራ» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው? «ምን አስበሃል?» ነውን? አይደለም። «ስለ መሬት፣ ስለ ሠራዊት፣ ስለ ፍርድ ቤት ያለህ አቋም ምንድን ነው?» ነውን? እሱም አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከእነማን ጋር ነው?» የሚል ነው። ሦስተኛው፣ «ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ፣ ተራው ሳይደርሰው ሸንጎው ይበተናል። በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ብቻ ስንቱን አንግሠናል፣ ስንቱንስ በቁሙ ቀብረናል!

ውድ አንባቢያን፣ ሰሞኑን ብቻ ሳይሆን ከዓመታት ጀምሮ «የፓርላማ ሥርዓቱ ይቅርና ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው ፕሬዚዳንት ይኑረን» የሚል ክርክር በየመድረኩ ይነሳል። ክርክሩ ተገቢ ነው። እኔም ድጋፌን አልነፍገውም። ነገር ግን የዘር ሐረግን የብቃት ማስረጃ፣ ስያሜንም ፍርድ አድርገን የምንቆጥርበት ልማድ ሳይሰበር የምናቋቁመው ፕሬዚዳንት ዘውድ ያልደፋ ንጉሥ ከመሆን አያልፍም። ይህንን ለማስረዳት ከላስታ የተሻለ ምድር አላገኘሁም። ላስታ ነገሥታትን አውጥታለች፣ በዘር ክስ ዙፋን ተነጥቃለች፣ በእኛም ዘመን አንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ ወደ ምክር ቤት ልካ እንደገና በስያሜ ሲፈረድበት አይታለች።

የዘር ማስረጃ

የዛጔ ነገሥታት ከላስታ ደጋ ተነስተው አገር ገዙ። ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ገደማ ነገሡ። ስማቸውን በወረሰችው ከተማ ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ቤተ ክርስቲያንም ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን በቅዱሳን ነገሥታትነት ታከብራቸዋለች። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሥርወ መንግሥት በምን ተከሰሰ? ግብር አበዛ ተብሎ አይደለም፤ ፍርድ አጓደለ ተብሎም አይደለም። የተከሰሰው ከእስራኤል ዘር አይደለም ተብሎ ነው። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ሥልጣኑን ከያዘ በኋላ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መልኩን የያዘው ክብረ ነገሥት ይህንን ክስ የመንግሥት ትምህርት አደረገው። አለት የፈለፈለ እጅ በትውልድ ሐረግ ፊት ዋጋ አጣ።

ላስታ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዙፋን የቀረበችው በ1860 ዓ.ም. ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ የላስታና የዋግ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ያቀረቡትን ማስረጃ ልብ በሉልኝ፦ በአባታቸው የዛጔን ሐረግ፣ በእናታቸው የሰሎሞንን ሐረግ ቆጠሩ። ከስድስት ምዕት ዓመታት በኋላም ላስታ ራሷ በተከሰሰችበት ሚዛን ራሷን መመዘን ነበረባት። የትግሬው ካሳ ምርጫ፣ የሚስታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሸነፏቸውና በኋላ ዓፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የዘር ማስረጃ ሲደራረብ ፍርዱን የሚሰጠው ጠመንጃ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

«ያ የዱሮ ታሪክ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዱሮ የሚባለው እስከ መቼ ድረስ ነው? የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዘውዱን ለአንድ ቤተሰብ በሕግ አጽንቷል፤ የ1948ቱም ተሻሽሎ ሲወጣ ያንኑ ደግሟል። አብዮቱ ዘውዱን ገለበጠ፤ ሚዛኑን ግን አልገለበጠም። በዘር ፈንታ የመደብ ጀርባ መጣ፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ «አባትህ ስንት ጋሻ መሬት ነበረው?» በሚል ተተካ። ከ1983 በኋላ ደግሞ የመደቡ ጀርባ ሄደና የብሔር ጀርባ መጣ። ጠያቂው ተለዋወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም።

የሚወዳደር የሌለበት ወንበር

እስቲ ደግሞ ወደ ዛሬው ሕገ መንግሥት እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱን ርዕሰ ብሔር ይለዋል። አንቀጽ 70 ደግሞ ዕጩውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚያቀርብና ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚመርጡት ይደነግጋል። ዕጩው ማን እንደሆነ አገር የሚሰማው ብዙውን ጊዜ በምርጫው ዕለት ማለዳ ነው። ክርክር የለም፣ የምርጫ ዘመቻ የለም፣ «ስለ ምን ቆመሃል?» የሚል ጠያቂም የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ፕሬዚዳንቱ ሕግ ይፈርማል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ግን ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። አምባሳደር ይሾማል፤ የሚሾመው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀረቡለትን ነው። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ፣ የአስፈጻሚው የበላይ፣ የካቢኔው መሪ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን የሌለውን ፕሬዚዳንት የስድስት ዓመት ዘመን ሰጥቶ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ሲከለክል፣ ሥልጣን ሁሉ በእጁ ላለው ጠቅላይ ሚኒስትር የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። አጥር የተሠራው ባዶውን ጎተራ ለመጠበቅ ነው!

በዚህ ወንበር የተቀመጡትን እናስታውስ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994፣ አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ከ1994 እስከ 2006፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ እስከ 2011፣ ወይዘሮ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ እስከ 2017፤ ከዚያ በኋላ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ ተተኩ። ከእነዚህ መካከል ዶክተር ነጋሶ አቋም መያዝ ምን እንደሚያስከፍል በሕይወታቸው አሳይተዋል። ከፓርቲያቸው ተለይተው ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ በ1997 በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ወደ ፖለቲካ ተመለሱ ተብለውም ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠውን ጥቅም አጡ። ወይዘሮ ሳህለ ወርቅም ሥልጣናቸውን ሊያስረክቡ ሲሉ ለአንድ ዓመት ዝምታን እንደሞከሩ በአጭር ጽሑፍ ጠቆም አድርገው ሄዱ። የአገር ርዕሰ ብሔር በዝምታ የሚናገርበት አገር፣ ርዕሰ ብሔሩን ማን እንደመረጠው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለዚህ አንድ የላስታ ገበሬ ስለ አገሩ መሪ ያለው ድምፅ ምን ያህል ነው? ርዕሰ ብሔሩን አይመርጥም። ርዕሰ መንግሥቱንም በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው ከ547 መቀመጫዎች አንዱን ነው። ያቺ አንዲት መቀመጫ ግን አንድ ጊዜ የአገር መነጋገሪያ ሆና ነበር።

ቡግና

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የቡግና ምርጫ ክልል የላስታን ተወላጅ አቶ ልደቱ አያሌውን መረጠ። አቶ ልደቱ ፕሬዚዳንት ለመሆን አልተወዳደሩም፤ ከላይ እንዳየነው እንዲህ ያለ ውድድርም በአገራችን የለም። ነገር ግን ከላስታ ምድር ወጥቶ በአገር አቀፍ ክርክር አገር ምድሩ ያዳመጠው፣ አገር የመምራት ሐሳብ ይዞ የቀረበ ፖለቲከኛ ቢባል ከእሳቸው የሚቀድም አላውቅም። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይመራ በነበረው መአሕድ ውስጥ በወጣትነታቸው ታገሉ። የብሔር አደረጃጀት መውጫ አይሆንም ብለው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1992 ኢዴፓን መሠረቱ። በሊበራል አስተሳሰብ፣ በግለሰብ መብትና በአገራዊ አንድነት ላይ የቆመ ፓርቲ ነበር። ፓርቲው ከሌሎች ጋር ሆኖ ቅንጅትን ፈጠረ፤ ቅንጅትም በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ።

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የምርጫው ውጤት አወዛገበ፤ መንገድ ላይ ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ፤ የቅንጅት መሪዎች በ1998 መባቻ ታሥረው እስከ ሐምሌ 1999 ወህኒ ቆዩ። ፓርላማ ይገባ ወይስ አይገባ በሚለው ጥያቄ ቅንጅት ተሰነጠቀ። አቶ ልደቱ እንግባ ከሚሉት ወገን ሆኑ፤ ገቡም። በዚያው ዕለት ስማቸው ተለወጠ። ትናንት «አንደበተ ርቱዕ» ይባሉ የነበሩት ሰው «ከሃዲ» ተባሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። «ፓርላማ መግባት ስህተት ነው» ማለት አቋም ነው፤ በማስረጃ ሊከራከሩበት ይቻላል። መሪዎች በእሥር ላይ ሳሉ፣ የሟቾች እናቶች ሐዘን ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ወንበር መያዝ ለገዥው ፓርቲ ሽፋን መስጠት ነው የሚለው ክርክር ክብደት ነበረው፤ እኔም ቀላል ክርክር ነው አልልም። ከሌላ ወገን ደግሞ ቡግና የመረጠው እንዲወከል ነው፤ የመራጩን ድምፅ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ መጣል የማን ሥልጣን ነው የሚለውም ክርክር ክብደት ነበረው። ሁለቱን ክርክሮች ፊት ለፊት አቁመን መዘንናቸው? አልመዘንንም። «ተሸጠ» አልን፤ አለቀ። ለሽያጩ በአደባባይ የቀረበ አሳማኝ ማስረጃ እስከ ዛሬ አላየሁም። ብዙ የተማረ የከተማ ሰው ግን ያለ ማስረጃ ፈርዶ ተኛ። ዛጔን በዘሩ የከሰሰውና ልደቱን በወሬ የከሰሰው ልማድ አንድ ነው፤ ሁለቱም ሰውየው ያለውን ላለመስማት የተቆፈሩ ጉድጓዶች ናቸው።

ይህን ስል ግን አቶ ልደቱን ከነቀፌታ ነጻ ላወጣ አይደለም። አቋማቸው ራሱ ሊነቀፍ የሚገባው ነበር፤ የሚነቀፈውም በአቋምነቱ ነው። «የአረም እርሻ» በተባለው መጽሐፋቸው የቅንጅትን አወዳደቅ ከራሳቸው ወገን ተረኩ፤ «መድሎት» በተባለው ደግሞ ከገዥው ፓርቲ ጭፍን ድጋፍና ከተቃዋሚው ጭፍን ጥላቻ የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለ አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሦስተኛ መንገድ የሚኖረው ሁለቱን ወገኖች የሚዳኝ ገለልተኛ ምርጫ ቦርድ፣ ነጻ ፍርድ ቤትና የማይታዘዝ ጋዜጣ ባለበት ነው። ዳኛ በሌለበት ሜዳ መካከል ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም በኩል ይረገጣል። የ2002 ምርጫ ይህንኑ አሳየ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ሲወስዱ ኢዴፓ አንድም አላገኘም፤ አቶ ልደቱም በዚያው በቡግና ተሸነፉ። የሦስተኛው መንገድ ጉድለት ይህ ነው፤ መንገዱን አሳየ፣ መንገዱን የሚጠብቀውን ዳኛ ከየት እንደሚያመጣ ግን አላሳየም። ይህ ነቀፌታ ስድብ አያስፈልገውም፤ የዘር ቆጠራም አያስፈልገውም።

በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ደግሞ አቶ ልደቱ ከመስከረም 30 በኋላ የመንግሥት ቅቡልነት በድርድር እንጂ በትርጉም አይገኝም ብለው የሽግግር መንግሥት ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ሊተገበር የሚችል ነበር ወይስ አገር ይበትን ነበር? እኔ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ማለትም የድርድሩን አስፈላጊነት፣ ትክክል እለዋለሁ፤ የሽግግር መንግሥቱን ዝርዝር ግን አልቀበለውም። ሆኖም ሐሳቡ የተመለሰለት በሐሳብ አልነበረም። በሐምሌ 2012 በሁከት ማነሳሳት ተጠርጥረው ታሠሩ፤ ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶላቸውም ሳይለቀቁ ቆዩ፤ ከወራት በኋላ በዋስ ወጡ። ትናንት «የመንግሥት ሰው ነው» ያለ አንደበት ሰውየው ሲታሠር ምን አለ? አብዛኛው ዝም አለ። ስያሜ የሰጠ ሰው ስያሜው ሲፈርስበት ይቅርታ አይጠይቅም፤ ሌላ ስያሜ ፍለጋ ይሄዳል።

ጀርባ ማለት ምን ማለት ነው?

«ታዲያ የዕጩው ጀርባ አይጠየቅ ነው የምትለን?» የሚል ካለ መልሴ ይጠየቅ ነው። የሕይወት ታሪክና የዘር ሐረግ ግን ለየቅል ናቸው። ሰው ምን ሠርቶ ኖረ፣ ሀብቱን ከየት አገኘ፣ ሥልጣን በያዘ ጊዜ ማንን ሰማ፣ ጓደኛው ሲታሠር ተናገረ ወይስ አንገቱን ደፋ፣ ትናንት ያለውን ዛሬ ሲለውጥ ምክንያቱን ነገረን? እነዚህ የጀርባ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሰውየው ራሱ ያደረጋቸው ናቸውና ሊጠየቅባቸው ይገባል። አያቱ ማን እንደነበሩ፣ በየትኛው ወንዝ ማዶ እንደተወለደ፣ በእናቱ በኩል ምን ቋንቋ እንደሚነገር ግን እሱ ያላደረገው ነገር ነው። ሰው ባላደረገው ነገር የሚሾምበትም የሚሻርበትም አገር ፍትሕ አያውቅም።

አሁን ወደ ፕሬዚዳንታዊው ሥርዓት ክርክር ልመለስ። ደጋፊዎቹ ዕጩው አገር ለማሸነፍ ከላስታም ከወለጋም፣ ከጅግጅጋም ከጋሞም ድምፅ መለመን ስላለበት አንድነትን ያመጣል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ብዙ ቁጥር ያለው ብሔር ሁልጊዜ አሸናፊ ይሆናል፣ የተሸነፈውም ሁሉን ያጣል ይላሉ። ኬንያ ለሁለቱም ትምህርት ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ከ1,000 በላይ ሰው ያስገደለ እልቂት አስከተለ። ኬንያውያን ከዚያ ተምረው በ2010 ሕገ መንግሥታቸው አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከ47ቱ አውራጃዎች ከግማሽ በሚበልጡት ቢያንስ ከመቶ 25 ድምፅ እንዲያገኝ ደነገጉ። በ2017 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዘ። ኬንያን ከገደል የመለሳት ፕሬዚዳንት መምረጧ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱን «አይሆንም» የሚል ዳኛ ማቆሟ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። በቀጥታ የሚመረጥ ፕሬዚዳንት ይኑረን፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት ሦስት ነገሮች ይቅደሙ። አንደኛ፣ ለእውነተኛው ሥልጣን ባለቤት፣ ጠቅላይ ሚኒስትርም ይባል ፕሬዚዳንት፣ የጊዜ ገደብ ይደንገግ። ሁለተኛ፣ አሸናፊው በብዙ ክልሎች ድጋፍ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ደንብ ይኑር። ሦስተኛ፣ ውጤቱን ሊሰርዝ የሚችል ፍርድ ቤት ይቁም። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንትነት አስታውሱ። ሸንጎው መረጣቸው፤ ተፎካካሪ አልነበራቸውም፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥለው ሄዱ። እዚህ አገር ፕሬዚዳንት የሚለው ማዕረግ ብቻውን ማንንም አላዳነም።

ከላስታ የሚነሱ ጥያቄዎች

ማንም ዕጩ፣ ከላስታ ይነሳም ወደ ላስታ ይምጣ፣ ሐረጉን ከመቁጠሩ በፊት እነዚህን ይመልስ።

መሬት፦ በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። በደጋው ተዳፋት ላይ ጥማድ የማትሞላ ማሳ ያለው ገበሬ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ምን ያድርግ? ይሽጥ ትላለህ? አይሽጥ ትላለህ? ከሸጠስ የት ይሂድ? «እናጠናዋለን» መልስ አይደለም።

ረሃብ፦ የ1977ቱ ረሃብ ወሎን እንዴት እንዳደረገ ዓለም አይቶታል። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት መጣ፤ ነፍስ አዳነ፤ ግን ለአንድ ትውልድ ያህል ቆየ። ዕጩው ሰውን ከስንዴ ሰልፍ የሚያወጣበት ዕቅድ አለው ወይስ ሰልፉን የሚያሳምርበት?

ማንነትና ወሰን፦ ላስታ ከዋግ ኽምራና ከራያ ጋር ትዋሰናለች፤ አማርኛና አገውኛ፣ ክርስትናና እስልምና በአንድ ገበያ የሚውሉበት አገር ነው። አንቀጽ 39ን ይዘህ ትቀጥላለህ ወይስ ታሻሽላለህ? የምታሻሽለው በድርድር ነው ወይስ በጉልበት?

ሠራዊትና ሕግ፦ ላሊበላ በ2013 ማብቂያ በጦርነት ተያዘች፤ በ2014 ተለቀቀች፤ በሐምሌ 2015 በፋኖና በመከላከያ መካከል ውጊያ ሲነሳ አገሩ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታች ገባ። በቱሪስት ይኖር የነበረው አስጎብኚ፣ ባለ በቅሎ፣ ባለ ሆቴል በየተራው ባዶ እጁን ቀረ። ጠመንጃ ያነሳውን ወጣት እንዴት ታነጋግረዋለህ? ሰላማዊ ሰው ሲገደል የሚመረምረውስ ማን ነው?

ቅርስ፦ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ለጊዜው ነው የተባሉ ነበሩ። የላሊበላ ሕዝብ በ2011 ሰልፍ ወጥቶ አደጋውን ተናገረ። ጊዜያዊው ዘላለማዊ እንዳይሆን ምን ታደርጋለህ?

ባሕር በር፦ ኢዴፓ ይህን ጥያቄ አንስቶታል። በ2016 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ጎረቤት ተቆጣ። ዕጩው ባሕሩን በውል፣ በንግድ ወይስ በጦር እንደሚፈልግ ይናገር፤ በጦር ከሆነ የሚዘምተው የማን ልጅ እንደሆነም ይጨምር። «የማን ልጅ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ቦታው ያኔ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው እኛ ነን። የተማርን የከተማ ሰዎች ነን ካልን፣ በየቡና ቤቱ የሰው ዘር ስንቆጥር የምናመሸው ለምንድን ነው? ገበሬው ዕጩውን «ማረሻዬን ልትሰጠኝ ነው ልትነጥቀኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የአያቱን ስም እንጠይቃለን። ማን ነው የተማረው?

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን።